ሩኽሳን መቀበልም ዒባዳ ነው

  

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን አንድ ወንድም ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። እሱም እንደኔው የልብ ሕመምተኛ ነው። «ሐኪሙ ረመዳንን አትጹም ብሎኛል፤ ግን ሰው ምን ይለኛል? አላህስ ምን ይለኛል?» አለኝ። ከሁለቱ ሰውን ማስቀደሙን ልብ አልኩ። አልፈረድኩበትም። እኔም በ1444 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 2023) ረመዳን ራሴን የጠየቅሁት በዚያው ቅደም ተከተል ነበርና።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል፤ ሕመሙን ያላወቀ ሰው ሩኽሳው ለምን እንደተሰጠ በቅጡ አይገባውም። የእኔ በሽታ ሐኪሞች ሪዩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ሲሆን የሚነሳው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮ ያቆስላል፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ያጠቃል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያሰማራው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን የልብ በሮች መውጋት ይጀምራል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ትኩሳት ይነሳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁሉም ለቆ ልጁ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የልብ በር ግን ጠባሳውን ይዞ ሊቀር ይችላል። እኔን ይህ ያገኘኝ በ11 ዓመቴ ነው። ቤተሰቦቼ «ብርድ መትቶት ነው» ብለው ጉልበቴን በቅቤ አሹኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጉሮሮዬን ባመመኝ ጊዜ ደግሞ እንጥሌን አስቆርጠውኛል። የሚያውቁትን አደረጉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ልብ አራት ክፍሎችና አራት በሮች አሉት። የእኔ የተጎዳው ከሳንባ የሚመጣው ንጹሕ ደም ወደ ትልቁ የግራ ክፍል የሚገባበት ሚትራል የተባለው በር ነው። በጤነኛ ሰው ይህ በር ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ነው ይባላል። የእኔ በልብ አልትራሳውንድ ሲለካ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የዒድ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ሕዝቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ለመውጣት ሲጋፋ አስቡት። የሚጨነቀው በሩ ሥር ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ግፊያው ወደ ኋላ እየተላለፈ ጥግ ላይ ልጇን አቅፋ የቆመችውን ሴት ሳይቀር ይደርሳታል። ደሜም በጠባቡ በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባዬ ውስጥ ይታቆራል። የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ያድጋል። ወደ ሳንባ ደም የሚልከው የቀኝ ልብ ያንን ግፊት ለመርታት ሲታገል ይወፍራል፤ ዓመታት ሲያልፉም ይደክማል። ያኔ እግር ያብጣል፣ ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል። የልቡ በሽታ የሳንባ፣ የሳንባውም መልሶ የልብ በሽታ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ጋር መኖር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ትራስ መተኛት የሚችል ሰው በቀላሉ አይረዳውም። እኔ የምተኛው በሦስት ትራስ ነው። ዝቅ ብዬ ከተኛሁ ሌሊት የሰጠመ ሰው ሆኜ እነቃለሁ። የምኖርባት ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ የሰው ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኦክስጅን ማነስ ደግሞ የሳንባ ደም ሥሮችን ይበልጥ ያጠብባል። ኮምቦልቻ ወርጄ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስል ደረቴ ሲላቀቅ ይታወቀኛል። ሆኖም ሰው የሚኖረው እንጀራው ካለበት ነውና ጦሳ ሥር ተቀምጫለሁ፤ ዳገቱንም ሦስት ጊዜ አርፌ እወጣዋለሁ። ስቆም ሰው እንዳይታዘበኝ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

አሁን ወደ 1444ቱ ረመዳን ልመለስ። ሐኪሙ በሻዕባን ቀጠሮዬ አትጹም አለኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁና ለማንም ሳልናገር ጾሙን ያዝኩ። በየቀኑ ከምወስዳቸው መድኃኒቶች መካከል አንዱ ጠዋት የሚዋጠው የሽንት ኪኒን፣ ፉሮስማይድ የሚባለው ነው። ሥራው በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃና ጨው በሽንት ማስወጣት ነው። ስሁር ላይ ብወስደው ቀኑን ሙሉ ሊያስጠማኝ ነው፤ ማታ ብወስደው ተራዊሕ ሊያቋርጠኝ ነው። ስለዚህ ተውኩት። ለብዙ ሰው የጾም አስቸጋሪ ሰዓት ከዐስር በኋላ ያለው ነው። የእኔ ግን የመጣው ካፈጠርኩ በኋላ ነበር። አዛን ሲል በተምር ጀመርኩ፤ ከዚያ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ጭማቂ፣ በላዩ ላይ ውሃ። ሐኪሙ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ አትለፍ ያለኝን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ሾርባው ጨው አለበት፣ ሳምቡሳው ጨው አለበት፣ በርበሬያችንም አብዛኛውን ጊዜ ከጨው ጋር ነው የሚፈጨው። ጨው ደግሞ ውሃን ይዞ አይለቅም። የሚያስወጣው ኪኒን የለ፣ የሚገባው ግን ብዙ።

በአምስተኛው ቀን ጫማዬ ጠበበኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማሻአላህ፣ ጾሙ ተስማማህ፣ ወፈርክ» አለኝ። በሰባተኛው ሌሊት ሚስቴ አራተኛ ትራስ እየደረበችልኝ «ኪኒንህን ወስደሃል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ጾሜን ለመጠበቅ ብዬ ዋሸሁ! በዘጠነኛው ሌሊት ተቀምጬም መተንፈስ አቃተኝ፤ ስስል አረፋ መሰል ነገር ደም ነክቶት ወጣ። ጎረቤት መኪና ይዞ መጥቶ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ኦክስጅን ተደረገልኝ፤ ያንኑ የናቅሁትን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ስምንት ቀን ተኛሁ። ዘጠኝ ቀን የማይገባኝን ጾም ጾሜ ስምንት ቀን ሙሉ ሶላቴን በቅጡ የማልሰግድ ሆንኩ፤ የገበያውን ኪሳራ ልብ በሉልኝ።

የሰፈራችን መስጂድ ኢማም ሊጠይቁኝ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «አብሽር፣ አላህ ዓፊያ ያድርግህ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተውም አቡ ዳውድ የዘገቡትን የጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስ አወሩኝ። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ በድንጋይ ተመትቶ ራሱ ተፈነከተ። በእንቅልፉ ጀናባ ሆነና ተየሙም ማድረግ ይፈቀድልኝ እንደሆን ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ ሩኽሳ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ በእጅጉ ተቆጡ። ለሞቱ ተጠያቂ ያደረጓቸው እነዚያን የመለሱለትን ሰዎች ነበር፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ሲሉም ወቀሷቸው። ሼኻችን ይህን ጨርሰው ዝም አሉ። እኔ በታሪኩ ውስጥ ራሴን በሁለት ቦታ አገኘሁት። የቆሰለውም እኔ ነኝ፤ ሩኽሳ የለህም ብዬ የፈረድኩትም እኔው ነኝ።

እንግዲህ ዲናችን በዚህ ላይ ምን እንደሚል ካለመጠየቅ የመጣ ጥፋት ስለሆነ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። አላህ (ሱ.ወ) ጾምን ግዴታ ባደረገበት በአልበቀራ ምዕራፍ፣ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ ውስጥ የታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲያወጣ ፈቅዷል። ልብ በሉ፤ ፈቃዱ የመጣው ከትእዛዙ ጋር በአንድ ቦታ ነው። ትእዛዙን ከአላህ፣ ፈቃዱን ግን ከሐኪም የመጣ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። ሐኪሙ የሚናገረው ፈቃዱ እኔን የሚመለከት መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም በዚህ ረገድ የታማኝና የዐዋቂ ሐኪምን ቃል ይቀበላሉ። ይድናል ተብሎ የሚጠበቅ በሽተኛ ሲሻለው ቀዳ ያወጣል። በሽታው የማይለቀውና የመዳን ተስፋ የሌለው ግን ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል፤ ይህም ፊድያ ይባላል። በሻፊዒ መዝሀብ መጠኑ ከአገሩ እህል አንድ ሙድ ሲሆን ይህም የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ተገጥሞ የሚሞላው ነው። ሐነፊዮች ከዚህ ከፍ ያደርጉታል። አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ) ካረጁ በኋላ መጾም ሲያቅታቸው ድሆችን ዳቦና ሥጋ ያበሉ እንደነበር ተዘግቧል። የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ለዓመታት ያገለገሉ ሶሐባ ፊድያ ከከፈሉ እኔ ማን ነኝና አፍራለሁ?

ከዚህ ሌላ ልባችንን ሊያሳርፍ የሚገባው የተቡክ ዘመቻ ነገር ነው። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሐሩር ሲዘምቱ መዲና ውስጥ የቀሩ በሽተኞችና አቅመ ደካሞች ነበሩ። ዘማቾቹ በሄዱበት ሸለቆ ሁሉ እነዚያ ቤት የቀሩት በምንዳው አብረዋቸው እንደነበሩ፣ ያስቀራቸውም ዑዝር መሆኑን ነግረዋቸዋል። በሌላ ሐዲስም የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት መጥቷል። ይህን ባውቅ ኖሮ ከሚስቴ ጋር ያን ሌሊት በውሸት ባላደርኩ ነበር።

በእርግጥ ሁሉም የልብ ሕመምተኛ መጾም የለበትም ማለት አይደለም። በሽታቸው የረጋ፣ መድኃኒታቸው በስሁርና በማፍጠሪያ ተከፍሎ ሊወሰድ የሚችል፣ ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው የሚጾሙ አውቃለሁ። ሕክምና ሁሉ ጾም ያፈርሳል ብሎ መስጋትም አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤው ምግብነት የሌላቸው መርፌዎች፣ ኦክስጅን፣ እንዲሁም ለደረት ውጋት ከምላስ ሥር የሚደረገው ኪኒን ወደ ጉሮሮ የሚወርደው እስካልተዋጠ ድረስ ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንዱ ለሐኪም፣ ሁለተኛው ለዓሊም ይቀርባል። አንዱን ለሌላው ማቅረብ ነው ጉዳት የሚያመጣው።

ሶላትን በተመለከተ ኢምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው በጠየቁ ጊዜ የተመለሰላቸው ግልጽ ነው፤ የሚችል ቆሞ፣ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እሰግዳለሁ። ለሩኩዕ ጎንበስ፣ ለሱጁድ ከዚያ ዝቅ እላለሁ። ግንባሬን መሬት ባደረግሁ ቁጥር ትንፋሼ ስለሚያጥር ነው። መጀመሪያ ሰሞን የወንበሯ ነገር ከሕመሙ የባሰ ከበደኝ። አባቴ በሚሆኑ ሽማግሌዎች መካከል በ38 ዓመቴ ወንበር ይዤ መቀመጥ! አንድ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ምንም ሳይሉ ከመስጂዱ ጥግ ወንበሯን አምጥተው በሶፉ ጫፍ አስቀመጡልኝና ወደ ቦታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላፈርኩም። ለጁሙዓ ደግሞ የሽንት ኪኒኑን ከሱብሒ በኋላ ወዲያው እወስደዋለሁ፤ ኹጥባ ሲጀመር ማመላለሱ በርዶልኛል። ሲብስብኝ ዙህሬን ቤቴ እሰግዳለሁ። የከሰልና የዕጣን ጭስ ያለበት ቤትም አልቀመጥም። ዕጣን አጭሰው የሚቀበሉኝ ዘመዶቼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ዛሬ ስመጣ መስኮት ይከፍታሉ።

መድኃኒት መውሰድ ተወኩልን ያጎድላል የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። «በአላህ ካመንክ ኪኒኑ ምን ያደርግልሃል?» ያለኝ ሰው አለ፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ኡሳማ ቢን ሸሪክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ግን ባላገሮች መጥተው እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቁ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር አላህ መድኃኒት ያላኖረለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋል። ቁርኣን ይቀራብኛል፣ ዱዓ ይደረግልኛል፣ ዘምዘም ሲገኝ ከተፈቀደልኝ ውሃ ላይ ቆጥሬ እጠጣለሁ። ኪኒኑንም ቢስሚላህ ብዬ እውጣለሁ። አንዱ ሌላውን አያስወጣም። የልብ ምቴ ስለሚዛባ ደም እንዳይረጋና ወደ አንጎል እንዳይሄድ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ይህ መድኃኒት ልኩን ይፈልጋል፤ በደም ምርመራ የሚታየው ቁጥር ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ሰው ይደማል። ጎመን ያዳክመዋል፤ አትብላ ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አታለዋውጥ ነው የሚሉት። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የአገር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሐኪም ፊት የሚደበቅ መድኃኒት አደጋው የከፋ ነው።

በየጠዋቱ ከሱብሒ በኋላ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመርኩ ያ ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። ከዚያ ረመዳን በኋላ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሚዛኗ ያኔ ኖራ ቢሆን በአምስተኛው ቀን በተናገረች ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ያንገበግበኛል፤ ይህ በሽታ መድረስ ያልነበረበት መሆኑ። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ትኩሳት ካለውና መዋጥ ካቃተው በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢያገኝ የልቡ በር ይተርፋል። ባክቴሪያው ዛሬም ፔኒሲሊንን አልተላመደውም። እንጥል መቁረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። አንድ ጊዜ የመገጣጠሚያ እብጠቱ የመጣበት ልጅ ደግሞ በሽታው እንዳይመላለስበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይታዘዝለታል። እኔ በ19 ዓመቴ ሕመሙ ተገኝቶ መርፌው ተጀምሮልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ተወግቼ ጤነኛ መሰለኝና ተውኩት፤ መርፌውም ያማል። እያንዳንዱ ተመላላሽ ጥቃት በሩን የበለጠ አጠበበው። በጊዜው የደረሰ ሰው በሩ በፊኛ ወይም በቀዶ ሕክምና ሊከፈትለት ይችላል። የእኔ ጠንክሮ ካልሲየም ስለያዘና የሳንባው ግፊት ስለገፋ ክዋኔው አደገኛ ነው ተብሎ በመድኃኒት ቆይቻለሁ።

በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ዛሬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከል አለው። የአፍሪካ ኅብረትም ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባለውን አጽድቋል። ይሁን እንጂ የልጁን ጉሮሮ በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ማዕከሉም ኅብረቱም አይደለም፤ እናትና አባት ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የቁርኣን ቤት ኡስታዝ ነው። ሰባና ሰማንያ ልጅ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት መድረሳ ውስጥ ጉሮሮ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ድምፁ የጠፋበትንና ትኩሳት ያለበትን ልጅ «ቅራ» ከማለት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ከኡስታዙ ይጠበቃል። እኔ በምቀመጥበት መድረሳ በዚህ ዓመት ሦስት ልጆች ተልከው ሁሉም መድኃኒት አግኝተው ተመልሰዋል።

ለጠየቀኝ ወንድም የመለስኩለት ይኸው ነው። ሻዕባን ሳያልቅ አብረን ወደ ሐኪሙ፣ ከዚያም ወደ ሼኻችን ለመሄድ ተቀጣጥረናል። እኔ የ30 ቀን ፊድያዬን በስንዴ አዘጋጅቻለሁ። የምታከፋፍለው ሚስቴ ናት። በየቀኑ መግሪብ ሲደርስ ከቤተሰቤ ጋር ማዕድ እቀርባለሁ፤ እነሱ በተምር ሲያፈጥሩ እኔም አንዲት ተምር አነሳለሁ፤ ሾርባዬ ለብቻው ያለ ጨው ይሠራልኛል። ልጄ «አባዬ፣ አንተ እኮ አልጾምክም» ስትለኝ «አዎ አልጾምኩም፤ አላህ ፈቅዶልኝ ነው» እላታለሁ።

ወላሁ አዕለም።